ቫይረስ ሴል ውስጥ ከገባ በኋላ ክፍሎቹ የት እንደሚደርሱ ደረጃ በደረጃ የመከታተያ መመሪያ

ይህ መመሪያ በባሕር ዳር፣ በደብረ ማርቆስና በእንጅባራ በቤተ ሙከራ ለምትሠሩ የእንስሳት ሕክምናና የባዮቴክኖሎጂ ተማሪዎችና ቴክኒሻኖች የተጻፈ ነው። የእንስሳት ሴል አሳድጋችሁ፣ ቫይረስ ጨምራችሁ፣ በየሰዓቱ ናሙና ወስዳችሁ በመጨረሻ ግራፉ አልነበብ ካላችሁ ችግሩ ብዙውን ጊዜ አንድ ነው፤ የለካችሁት አርኤንኤ ወይም ፕሮቲን ቫይረሱ ይዞት የገባው ይሁን ወይስ ሴሉ ውስጥ አዲስ የተሠራ አልለያችሁም። ከምትጨምሩት የቫይረስ ቅንጣቶች አብዛኞቹ ኢንፌክሽን ሳይጀምሩ ሴሉ ላይ ተለጥፈው ወይም ውስጡ ተሰባብረው ይቀራሉ፤ ፒሲአር (አርኤንኤን ገልብጦና አባዝቶ መጠኑን የሚለካው ምርመራ) ግን ሁሉንም እኩል ይቆጥራል። ስለዚህ ከዚህ በታች ያለው እያንዳንዱ ደረጃ ገቢውን ቫይረስ ከአዲሱ ሥሪት ለመለየት የተቀመጠ ነው፤ አንዱን ብትዘሉ የቀረው ትርጉም ያጣል።

የትኛውን ቫይረስ ትጠቀማላችሁ

ፈንግል (ኒውካስል) ለተባለው የዶሮ በሽታ ክትባት የሚሠራበትን የላሶታ የቫይረስ ዝርያ ተጠቀሙ። በሽታ አምጪነቱ ዝቅተኛ ነው፣ በዶሮ ፅንስ ሴል ላይ ይሠራል፣ በተራ ማይክሮስኮፕና በዶሮ ደም ብቻ ብዙ ነገር ያሳያል። ከሞተ ዶሮ የተወሰደ የመስክ ቫይረስ በምንም ምክንያት አትጠቀሙ። የመስኩ ዝርያ የአካባቢውን መንጋ ሊጨርስ ይችላል፤ ለዚህ ትምህርትም ከላሶታ የበለጠ የሚሰጠው ነገር የለም።

ላሶታም ቢሆን ጥንቃቄ ይፈልጋል። በሰው ዓይን ላይ ከተረጨ ለጥቂት ቀናት የሚቆይ የዓይን መቅላት ያስከትላል፤ ስለዚህ መነጽር ሳታደርጉ የእንቁላል ፈሳሽ አትቅዱ። አብዛኞቻችን በቤታችን ዶሮ እናረባለን፤ ቫይረስ በነካችሁበት ቀን ጋውንና ጫማ ሳትቀይሩ፣ እጃችሁንም በሳሙና ሳትታጠቡ ወደ ዶሮዎቻችሁ አትቅረቡ።

ክፍሎቹ የሚሄዱበትን መንገድ ቀድማችሁ እወቁ

ምን እንደምትፈልጉ ካላወቃችሁ የት እንደምትፈልጉም አታውቁም። የላሶታ ቅንጣት ከውጭ የስብ ሽፋን አለው፤ በሽፋኑ ላይ ኤችኤን እና ኤፍ የተባሉ ሁለት ፕሮቲኖች ተተክለዋል፤ ከሽፋኑ ሥር ኤም ፕሮቲን ተነጥፏል፤ መሐል ላይ 15,186 ኑክሊዮታይድ ርዝመት ያለው አሉታዊ አርኤንኤ (የመልእክተኛው አርኤንኤ ተቃራኒ፣ የቫይረሱ ጂኖም) በኤንፒ ፕሮቲን ተጠቅልሎ፣ ፒ እና ኤል ፕሮቲኖችን ይዞ ተቀምጧል።

ኤችኤን በሴሉ ገጽ ላይ ያለውን ሲያሊክ አሲድ ይይዛል፤ ከዚያ ኤፍ የቫይረሱን ሽፋን ከሴሉ ሽፋን ጋር ያዋህዳል። ይህ ውህደት አሲድ አይፈልግም። ከውህደቱ በኋላ ክፍሎቹ ይለያያሉ፦ የገቢው ቫይረስ ኤችኤን እና ኤፍ በሴሉ ሽፋን ላይ ይቀራሉ፤ ኤም ከኑክሊዮካፕሲዱ (በኤንፒ ከተጠቀለለው አርኤንኤ) ይላቀቃል፣ ከፊሉም ወደ ሴሉ ኒውክሊየስ ይገባል፤ አርኤንኤው ግን ከኤንፒ ጥቅሉ ሳይፈታ በሳይቶፕላዝም ይቆያል። ራቁቱን የሚቀር አርኤንኤ የምትጠብቁ ከሆነ አታገኙትም።

ይዞት የገባው ኤል እና ፒ ወዲያው መልእክተኛ አርኤንኤ መገልበጥ ይጀምራሉ። ቅደም ተከተሉ ኤንፒ፣ ፒ፣ ኤም፣ ኤፍ፣ ኤችኤን፣ ኤል ነው፤ ከፊት ያለው በብዛት፣ ከኋላ ያለው በጥቂቱ ይገለበጣል። የጂኖሙ ሙሉ ቅጂ የሚሠራው አዲስ ኤንፒ ከተጠራቀመ በኋላ ነው። አዲሶቹ ኤችኤን እና ኤፍ በጎልጂ (ፕሮቲን አሰናድቶ በሚልከው የሴል ክፍል) በኩል ወደ ሴሉ ገጽ ይወጣሉ፣ ኤም ከሽፋኑ ሥር ይሰበስባቸዋል፣ አዲሱ ቅንጣትም ከገጹ ላይ አብጦ ይለያል።

አንድ ነገር በተለይ ያዙ። የላሶታ ኤፍ ሲሠራ ኤፍ ዜሮ የሚባል ያልተቆረጠ ቅርጽ አለው፤ ሥራውን የሚሠራው ትራይፕሲን መሰል ኢንዛይም ወደ ኤፍ አንድና ኤፍ ሁለት ከቆረጠው በኋላ ነው። በእንቁላል ውስጥ ይህ ኢንዛይም አለ፤ በዶሮ ፅንስ ፋይብሮብላስት (እዚህ በምታሳድጉት የፅንስ ሴል) ውስጥ ግን የላሶታን ኤፍ የሚቆርጥ በቂ ኢንዛይም የለም። ስለዚህ ከእንቁላል የመጣው ቫይረስ ሴሉን ይይዛል፣ ከዚያ ሴል የሚወጣው አዲስ ቫይረስ ግን ትራይፕሲን ካልተጨመረ ሌላ ሴል መያዝ አይችልም። «ቫይረሱ አልራባም» ተብሎ የተጣለ ስንት ሙከራ ምክንያቱ ይኸው ብቻ ነው። በሌላ በኩል ይህ ለእናንተ ጥቅም ነው፤ ትራይፕሲን እስካልጨመራችሁ ድረስ ሁለተኛ ዙር ኢንፌክሽን ስለማይኖር የምታዩት የአንድ ዙር ታሪክ ብቻ ይሆናል።

ደረጃ 1፦ መሣሪያዎቹን ለጎጃም ከፍታ አስተካክሉ

ይህን ደረጃ የውጭ መመሪያዎች አይጽፉትም፤ የተጻፉት በአብዛኛው ለዝቅተኛ ቦታ ነውና። ባሕር ዳር ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር አካባቢ፣ ደብረ ማርቆስ 2,400 ሜትር አካባቢ ላይ ናቸው፤ የአየር ግፊቱ ያነሰ ነው።

1. ኢንኩቤተሩን 5 በመቶ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ላይ ብታደርጉት ወደ ሚዲየሙ (ሴሉ ወደሚያድግበት ፈሳሽ) የሚገባው ጋዝ በባሕር ጠለል ከሚገባው ያንሳል፤ ሚዲየሙም ወደ አልካሊ ያደላል። ተመጣጣኙ መጠን ለባሕር ዳር ወደ 6.2 በመቶ፣ ለደብረ ማርቆስ ወደ 6.7 በመቶ ነው። አንዳንድ ኢንኩቤተሮች ግፊቱን ራሳቸው ስለሚያካክሱ ቁጥሩን ከመቀየራችሁ በፊት የአምራቹን መጽሐፍ አንብቡ።

2. በቁጥሩ ብቻ አትተማመኑ። በሊትር 2.2 ግራም ሶዲየም ባይካርቦኔት ያለው ሚዲየም በክፍት ሳህን ሌሊቱን ኢንኩቤተር ውስጥ አሳድሩ፤ ጠዋት እንዳወጣችሁ ፒኤቹን ለኩ። ከ7.2 እስከ 7.4 መሆን አለበት። የፌኖል ሬድ ቀለሙ ወደ ሐምራዊ ካደላ ጋዙን በ0.5 በመቶ እየጨመራችሁ ድገሙ።

3. ኦቶክሌቩን (በእንፋሎት ማምከኛውን) በግፊት ሳይሆን በሙቀት ንባብ አሠሩ። በባሕር ዳር የግፊት መለኪያው 15 ፒኤስአይ ሲያሳይ የውስጡ ሙቀት ወደ 118 ዲግሪ ብቻ ነው፤ በደብረ ማርቆስ ደግሞ ወደ 117 ዲግሪ። 121 ዲግሪ ለመድረስ በባሕር ዳር ወደ 18 ፒኤስአይ፣ በደብረ ማርቆስ ወደ 19 ፒኤስአይ ያስፈልጋል። የኦቶክሌቩ የደህንነት ገደብ ይህን የማይፈቅድ ከሆነ ግፊቱን አታስገድዱ፤ ጊዜውን አርዝሙና በስፖር መፈተሻ አረጋግጡ።

4. የክረምት የመብራት መቆራረጥን አስቀድማችሁ አስቡበት። በኢንኩቤተሩ ታችኛ መደርደሪያ ላይ 37 ዲግሪ የደረሱ የውኃ ጠርሙሶች አስቀምጡ፤ መብራት ሲጠፋ በሩን አትክፈቱ። የሙቀት መዝጋቢ ቴርሞሜትር ከውስጥ ይኑር። ሙቀቱ ከ35 ዲግሪ በታች ከ20 ደቂቃ በላይ ከቆየ የዚያን ቀን የሰዓት ግራፍ ተዉት፤ የቫይረሱ ሥራ በሙቀት ስለሚዘገይ «4ኛ ሰዓት» ብላችሁ የጻፋችሁት 4ኛ ሰዓት አይደለም።

ደረጃ 2፦ ሴሉን አዘጋጁ

1. ዕድሜያቸው ከ9 እስከ 11 ቀን የሆኑ ፅንስ ያላቸው እንቁላሎች ያዙ። ዋናው ጥንቃቄ እዚህ ነው፤ እናቲቱ ዶሮ ለፈንግል ፀረ እንግዳ አካል ካላት በአስኳሉ በኩል ታወርሰዋለች። የሀበሻ ዶሮ ስላልተከተበች ከፀረ እንግዳ አካል ነፃ ናት ብላችሁ አትገምቱ፤ በሽታው አልፎባት የተረፈች ልትሆን ትችላለች። የእናቶቹን ሴረም በሄማግሉቲኔሽን ኢንሂቢሽን (ሴረሙ ቫይረሱን ቀይ ደም ሴል ከማያያዝ ማገዱን በሚያሳይ ምርመራ) ፈትናችሁ አሉታዊ ከሆነ መንጋ ብቻ ውሰዱ።

2. ፅንሱን አውጡ፣ ጭንቅላቱንና የሆድ ዕቃውን አስወግዱ፣ የቀረውን በንጹሕ የጨው መፍትሔ ደሙና አስኳሉ ጨርሶ እስኪለቅ እጠቡ፤ ከዚያ በመቀስ አድቅቁት። በ0.25 በመቶ ትራይፕሲን በትኑት፣ በንጹሕ ጎዝ አጥልሉት፣ በ200 ጂ (በመሬት ስበት 200 እጥፍ) ለ10 ደቂቃ በሴንትሪፊውጅ አሽከርክሩት። የተረፈ ትራይፕሲን የኋላውን ሥራ እንዳያበላሽ ሴሉን ሴረም ባለው ሚዲየም እጠቡት።

3. በባለ 6 ጉድጓድ ፕሌት በየጉድጓዱ 1.5 ሚሊዮን ያህል ሕያው ሴል ዝሩ። 12 ፕሌት ለሙከራው፣ 1 ለመጠባበቂያ፣ በተጨማሪም የመስታወት ሽፋን የተቀመጠባቸው ባለ 24 ጉድጓድ ፕሌቶች ያስፈልጋሉ። ከ4 እስከ 5 ፅንስ ብዙ ጊዜ ይበቃል፤ ነገር ግን ሳትቆጥሩ አትዝሩ።

4. በማግስቱ የሴሎቹ ንጣፍ ክፍተት ሳይኖረው መሙላቱን በማይክሮስኮፕ አረጋግጡ። ከመጠባበቂያው አንዱን ጉድጓድ በትራይፕሲን አንሥታችሁ ሴሎቹን ቁጠሩ። የቫይረሱ መጠን የሚሰላው በዚህ ቁጥር ነው፤ ከዘራችሁት ሁሉም ስለማይለጠፍ የትናንቱ ቁጥር አያገለግልም።

ደረጃ 3፦ የቫይረሱን መጠን አስሉ

በእንቁላል የተራባ የቫይረስ ክምችት ተጠቀሙ። ክምችቱን ስታራቡ በጣም የተቀጠነ ቫይረስ ወደ እንቁላሉ አስገቡ፤ ያልተቀጠነ ቫይረስ ደጋግሞ ማራባት ጂኖማቸው የጎደለ ቅንጣቶችን ያበዛል፣ እነሱም የጤነኛውን መራባት ያግዳሉ።

የክምችቱን ጥንካሬ በዚያው በምትጠቀሙበት ሴል ላይ፣ ሴረም በሌለበት ሚዲየም፣ በሚሊ ሊትር 1 ማይክሮ ግራም ያህል ለሴል ሥራ የተዘጋጀ ትራይፕሲን ጨምራችሁ ለኩ። በእንቁላል የተለካ ቁጥር ለሴል አይሠራም። ሴረም ትራይፕሲንን የሚያግዱ ነገሮች ስላሉት ሴረም ባለበት ትራይፕሲን መጨመር ገንዘብ ማባከን ነው።

ከዚያ በአንድ ሴል 5 ተላላፊ ቅንጣት እንዲደርስ አስሉ። ጉድጓዱ 1 ሚሊዮን ሴል ቢኖረው 5 ሚሊዮን ቅንጣት ያስፈልጋል፤ ክምችቱ በሚሊ ሊትር 200 ሚሊዮን ከሆነ 25 ማይክሮ ሊትር ወስዳችሁ በቀዝቃዛ ሚዲየም 300 ማይክሮ ሊትር አድርሱት። ለምን 5? ቅንጣቶቹ በየሴሉ እኩል አይከፋፈሉም። በአማካይ 1 ብትሰጡ ከ100 ሴሎች 37ቱ ምንም ሳይደርሳቸው ይቀራሉ፤ በ3 አማካይ 5 ያህሉ ይቀራሉ፤ በ5 አማካይ ግን የሚቀረው ከ1 ያነሰ ነው። ከዚህ በላይ መጨመር ደግሞ ገቢውን ቫይረስ አብዝቶ አዲሱን ይሸፍንባችኋል።

ደረጃ 4፦ መለያ ቁጥጥሮችን አሰናዱ

ጊዜ ሲያጥር መጀመሪያ የሚቀነሰው ይህ ክፍል ነው፤ ግን ከሁሉም የማይቀነሰው ይህ ነው። አራት ዓይነት ጉድጓድ ይኑራችሁ።

1. ቫይረስ ያልነካው። ከዚሁ የእንቁላል ምንጭ የተወሰደ ቫይረስ አልባ ፈሳሽ ጨምሩበት እንጂ ባዶ ሚዲየም ብቻ አትጨምሩበት።

2. ሕያው ቫይረስ።

3. ሕያው ቫይረስ ከሳይክሎሄክሲማይድ ጋር። ይህ መድኃኒት አዲስ ፕሮቲን እንዳይሠራ ያግዳል። በሚሊ ሊትር 100 ማይክሮ ግራም አድርጋችሁ ቫይረሱን ከመጨመራችሁ 30 ደቂቃ በፊት አስገቡ፤ በሚዲየሙም ውስጥ እስከ መጨረሻው ይቆይ። ገቢው ኤል ሥራውን ስለሚቀጥል መልእክተኛ አርኤንኤ ይታያል፤ ኤንፒ አዲስ ስለማይሠራ ግን የጂኖም ቅጂ አይሠራም። እዚህ ጉድጓድ ውስጥ የምታዩት ማንኛውም የቫይረስ ፕሮቲን ገቢ ነው። መድኃኒቱ መርዛማ ስለሆነ ያለ ጓንት አትንኩት፤ ሴሉንም ስለሚገድል ከ6 ሰዓት በላይ አትጠቀሙበት።

4. በአልትራቫዮሌት ብርሃን የደከመ ቫይረስ። መጠኑ አርኤንኤውን የሚያበላሽ፣ ኤችኤን እና ኤፍን ግን የማይነካ ይሁን። ይህን የምታረጋግጡት ቫይረሱ የዶሮ ቀይ ደም ሴልን የማያያዝ ኃይሉ ሳይቀንስ የመተላለፍ ኃይሉ መጥፋቱን በመለካት ነው። የማያያዝ ኃይሉም አብሮ ከወደቀ ብርሃኑን አብዝታችኋል፤ የብርሃኑን ጊዜ አሳጥሩ።

ሕያው ቫይረስ ለ0፣ 1፣ 2፣ 4፣ 6፣ 8፣ 12 እና 24 ሰዓት አንድ አንድ ፕሌት ይያዝለት፤ በእያንዳንዱ ፕሌት 2 ጉድጓድ ለአርኤንኤ፣ 2 ለፕሮቲን፣ 2 ለመተላለፍ ኃይል ይሁኑ። ሌሎቹ ሦስት ዓይነቶች ለ0፣ 2፣ 4 እና 6 ሰዓት በ4 ፕሌት ይበቃቸዋል፤ ለእያንዳንዱ አንድ ጉድጓድ ለአርኤንኤ፣ አንድ ለፕሮቲን። የተለያየ ሰዓት ናሙና በአንድ ፕሌት አትቀላቅሉ፤ አንዱን ለመውሰድ ባወጣችሁ ቁጥር ሌላውን ታቀዘቅዙታላችሁ።

ደረጃ 5፦ ኢንፌክሽኑን በአንድ ጊዜ አስጀምሩ

1. ፕሌቶቹን፣ ሚዲየሙንና የማጠቢያ መፍትሔውን በ4 ዲግሪ ለ15 ደቂቃ አቀዝቅዙ። ከኢንኩቤተር ውጭ ፒኤች እንዳይዛባ 25 ሚሊ ሞላር ሄፔስ ያለው ሚዲየም ተጠቀሙ። ሴረም አይኑረው።

2. አሮጌውን ሚዲየም መጥጣችሁ 300 ማይክሮ ሊትር የቫይረስ ፈሳሹን ጨምሩ። በ4 ዲግሪ ለ60 ደቂቃ አቆዩት፤ ንጣፉ እንዳይደርቅ በየ10 ደቂቃው በቀስታ አዘንብሉት። በዚህ ሙቀት ቫይረሱ ይጣበቃል እንጂ ሽፋኑ አይዋሐድም።

3. በቀዝቃዛ የጨው መፍትሔ 3 ጊዜ እጠቡ። የመጨረሻውን እጣቢ አትድፉት፤ ለመተላለፍ ኃይል ለኩት። በእጣቢው ውስጥ አሁንም ብዙ ቫይረስ ካለ ማጠቡ አልበቃም።

4. የ0 ሰዓቱን ፕሌት ወዲያው ሰብስቡ። በቀሩት ላይ 37 ዲግሪ የሞቀ፣ 2 በመቶ ሴረም ያለው ሚዲየም ጨምራችሁ ወደ ኢንኩቤተር አስገቡ። ሰዓቱ የሚቆጠረው ሞቃቱ ሚዲየም ከነካው ቅጽበት ጀምሮ ነው።

5. የፈንግል ፀረ እንግዳ አካል ያለው የዶሮ ሴረም በ56 ዲግሪ ለ30 ደቂቃ አሙቃችሁ ቀድማችሁ አዘጋጁ፤ ከ1 ሰዓት በኋላ ተቀጥኖ ለ20 ደቂቃ ንጣፉ ላይ ይቆይ፤ ከዚያ 3 ጊዜ እጠቡ። ተጣብቆ ያልገባውን ቫይረስ ያመክነዋል። ለሌሎች ቫይረሶች የሚመከረውን የአሲድ እጥበት እዚህ አትሞክሩ፤ የፈንግል ቫይረስ አሲድን በደንብ ይቋቋማል።

መጣበቁን ከጠዋቱ 1 ሰዓት ጀምሩት፤ 0 ሰዓት ከጠዋቱ 2 ሰዓት ላይ ይውላል፣ 12ኛው ሰዓት ከምሽቱ 2 ሰዓት፣ 24ኛውም በማግስቱ ጠዋት ይሆናል። በደብተራችሁ ላይ ግን የግድግዳ ሰዓት አትጻፉ። የኢንኩቤተሩ ሰዓት በአውሮፓ አቆጣጠር፣ የእጃችሁ ደግሞ በእኛ ስለሚሆን የ6 ሰዓት ልዩነት በመዝገቡ ውስጥ ይገባል፤ ይህ ስሕተት በኋላ ተፈልጎ አይገኝም። በቱቦውም በደብተሩም ላይ «ከሞቀ በኋላ 4 ሰዓት» ብላችሁ ጻፉ።

ደረጃ 6፦ በየሰዓቱ ሰብስቡ

ቅደም ተከተሉን አትለዋውጡ። መጀመሪያ ከላይ ያለውን ፈሳሽ ወስዳችሁ በ500 ጂ ለ10 ደቂቃ አሽከርክሩ፤ የተነቀለ ሴል ከወጣ ቫይረስ ጋር እንዳይቆጠር። ቀጥሎ የአርኤንኤውን ጉድጓድ በማሟሚያ ፈሳሹ በቀጥታ አሟሙ፤ በትራይፕሲን አታንሡት። ከዚያ የፕሮቲኑን ጉድጓድ ኢንዛይም ማገጃ ባለው ማሟሚያ ሰብስቡ፤ ማገጃው ከጎደለ ኤፍ ዜሮ በቱቦው ውስጥ ተቆርጦ «ሴሉ ቆረጠው» ያሰኛችኋል። ለመተላለፍ ኃይል የተመደበውን ሴል በአዲስ ሚዲየም 3 ጊዜ አቀዝቅዛችሁ አቅልጡ። የመስታወት ሽፋኖቹን ሴሎቹ ባሉበት እንዲጸኑ በ4 በመቶ ፓራፎርማልዲሃይድ ለ15 ደቂቃ አቆዩ።

ናሙናዎቹን በ80 ዲግሪ ከዜሮ በታች አስቀምጡ። ማቀዝቀዣው በመብራት መጥፋት የሚቸገር ከሆነ ለከብት ማዳቀያ የሚቀርበው ፈሳሽ ናይትሮጅን ከየትኛው ጽሕፈት ቤት እንደሚገኝ ሙከራውን ሳትጀምሩ ጠይቁ። ለመተላለፍ ኃይል የሚለካውን ናሙና ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ በሆነ ተራ ማቀዝቀዣ አታስቀምጡ፤ ኃይሉ ይወርዳል፣ ግራፉም ውሸት ይሆናል።

ደረጃ 7፦ በቀላሉ ምርመራ ጀምሩ

ወደ ፒሲአር ከመሮጣችሁ በፊት በቀይ ደም ሴል የሚሠሩትን ሁለት ምርመራዎች ሥሩ። ርካሽ ናቸው፣ ሙከራው መሠራቱንም በዚያው ቀን ይነግሯችኋል።

የመጀመሪያው የሴል ገጽ ምርመራ ነው። 3 ጊዜ የታጠበ 0.5 በመቶ የዶሮ ቀይ ደም ሴል ንጣፉ ላይ ጨምራችሁ በ4 ዲግሪ ለ30 ደቂቃ አቆዩ፤ በቀዝቃዛ መፍትሔ በቀስታ አጥባችሁ በማይክሮስኮፕ እዩ። ኤችኤን ገጹ ላይ የወጣበት ሴል ቀይ ሴሎችን ተሸክሞ ይታያል። ይህን በክፍል ሙቀት አትሥሩት፤ ኤችኤን የያዘውን ሲያሊክ አሲድ ራሱ ስለሚቆርጥ ቀይ ሴሎቹ ይለቃሉ፣ እናንተም «የለም» ትላላችሁ። በ1ኛው ሰዓት የተለጠፉ ቀይ ሴሎች ካያችሁ አትደሰቱ፤ ገቢው ቫይረስ ሽፋኑን ሲያዋህድ ትቶት የሄደው ኤችኤን ሊሆን ይችላል። የሳይክሎሄክሲማይዱ ንጣፍም በተመሳሳይ ሰዓት ያንኑ ካሳየ ገቢ ነው፤ ሕያው ቫይረስ ያለበት ብቻ እየጨመረ ከሄደ አዲስ ነው።

ሁለተኛው ወደ ውጭ የወጣውን ቅንጣት የሚለካው ሄማግሉቲኔሽን ነው። ፈሳሹን በእጥፍ እያቀጠናችሁ 1 በመቶ ቀይ ደም ሴል ጨምሩና በክፍል ሙቀት ከ40 ደቂቃ በኋላ አንብቡ። ይህ ምርመራ ተላላፊውንም መካኑንም ይቆጥራል፤ ስለዚህ ከመተላለፍ ኃይል ልኬቱ ጋር አስተያዩት። ከ8ኛው ሰዓት በኋላ ሄማግሉቲኔሽኑ እየወጣ የመተላለፍ ኃይሉ ዝቅ ብሎ ከቀረ ቫይረሱ በትክክል ተሠርቶ ወጥቷል፤ ኤፍ ብቻ አልተቆረጠም። ከዚያው ፈሳሽ ላይ ከፍላችሁ በሚሊ ሊትር 1 ማይክሮ ግራም ትራይፕሲን በ37 ዲግሪ ለ10 ደቂቃ አቆዩ፣ በማገጃ አስቁሙ፣ እንደገና ለኩ። ኃይሉ ከተመለሰ የኤፍን ታሪክ በእጃችሁ አረጋገጣችሁ ማለት ነው። ፈሳሹ ሴረም ስላለበት ትራይፕሲኑ ካልሠራ ለዚህ ምርመራ ከ4ኛው ሰዓት ጀምሮ ሴረም አልባ ሚዲየም ያላቸው ጉድጓዶች ያዙ።

ደረጃ 8፦ ሦስቱን አርኤንኤ ለየብቻ ለኩ

በአንድ ተራ ፒሲአር ጂኖሙን፣ መልእክተኛውንና የጂኖሙን ተቃራኒ ቅጂ ደባልቆ መለካት ከስሕተቶች ሁሉ የተለመደው ነው። ከእያንዳንዱ ናሙና ሦስት የተለያየ የዲኤንኤ ቅጂ አውጡ።

1. ለጂኖሙ፦ ከአሉታዊው አርኤንኤ ጋር ብቻ የሚገጥም ፕራይመር (ቅጂው የሚጀምርበት አጭር ዲኤንኤ)፤ በጫፉ ላይ ከቫይረሱም ከዶሮውም የማይመሳሰል 20 ፊደል ያህል መለያ ይኑረው። ፒሲአሩን በመለያው ፕራይመር ሥሩ።

2. ለመልእክተኛው፦ ኦሊጎ ዲቲ (ከመልእክተኛው የኤ ጭራ ጋር የሚገጥም) ፕራይመር፤ ፒሲአሩ በኤንፒ ጂን ላይ ይሁን።

3. ለተቃራኒው ሙሉ ቅጂ፦ በሁለት ጂኖች መካከል ባለው ክፍል ላይ የሚያርፍ፣ የራሱ መለያ ያለው ፕራይመር። ይህ ክፍል በመልእክተኛው ውስጥ ስለሌለ መልእክተኛው አብሮ አይቆጠርም፤ አልፎ አልፎ ሳይቋረጡ የሚገለበጡ ጥቂት መልእክተኞች ግን እንደሚገቡ አትርሱ።

ፕራይመር ያልገባበት አንድ ቱቦ፣ ኢንዛይም ያልገባበት ሌላ ቱቦ በእያንዳንዱ ዙር ይኑር። ፕራይመር ያልገባበት ከፍ ያለ ምልክት ከሰጠ አርኤንኤው በራሱ ታጥፎ እየጀመረ ነው፤ የቅጂ ሥራውን ሙቀት ከፍ አድርጉ፣ ትርፍ ፕራይመሩንም ከፒሲአር በፊት አስወግዱ።

ሲነበብ የጂኖሙ መስመር በ0 ሰዓት ከፍ ብሎ ይጀምራል፣ በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ይወርዳል፣ ከዚያ ይነሣል። መውረዱ ውድቀት አይደለም፤ ያልሠራው ገቢ ቫይረስ ሲጠፋ ነው የምታዩት። መልእክተኛው ከምንም ተነሥቶ ቀድሞ ይወጣል፣ በሳይክሎሄክሲማይዱም ውስጥ በዝቅተኛ ደረጃ ይታያል። ተቃራኒው ቅጂ በሕያው ቫይረስ ብቻ፣ ከመልእክተኛው ዘግይቶ ይነሣል። በሳይክሎሄክሲማይድ ውስጥም ተቃራኒው ቅጂ እየጨመረ ከሄደ ወይ መድኃኒቱ አልሠራም ወይ ፕራይመሩ መልእክተኛውን እየቆጠረ ነው፤ ሁለቱን ሳትለዩ ግራፉን ለማንም አታሳዩ።

ደረጃ 9፦ ፕሮቲኖቹን በመጠንና በቦታ ተከታተሉ

በዌስተርን ብሎት (ፕሮቲኖችን በመጠን ለይቶ በአንቲቦዲ በሚያሳይ ምርመራ) ኤፍ ዜሮን ወደ 66 ኪሎ ዳልተን፣ ኤፍ አንድን ወደ 55፣ ኤችኤንን ወደ 74፣ ኤምን ወደ 40 አካባቢ ፈልጉ። ኤንፒም ወደ 55 አካባቢ ስለሚወርድ ከተከተበ ዶሮ በተወሰደ ሴረም ብቻ ኤፍ አንድን ከኤንፒ መለየት አትችሉም፤ ለኤፍ የተለየ አንቲቦዲ ከሌላችሁ ስለ ኤፍ መቆረጥ ከብሎቱ አትደምድሙ፣ በደረጃ 7 የትራይፕሲን ምርመራ ላይ ተማመኑ። በ0 ሰዓት የሚታየው ኤፍ አንድ ከእንቁላሉ ተቆርጦ የመጣ ገቢ ነው፤ ቆይቶ የሚበዛው ኤፍ ዜሮ ደግሞ አዲሱ ሥሪት ነው። በእኔ እምነት ከዚህ የበለጠ ግልጽ የገቢና የአዲስ ልዩነት በዚህ ሙከራ ውስጥ የለም፤ አንቲቦዲውን ለማግኘት የሚደረገው ልፋት ያዋጣል።

ለፍሎረሰንስ ማይክሮስኮፕ ከእያንዳንዱ ሰዓት ሁለት መስታወት ያዙ። በአንዱ ላይ ያሉትን ሴሎች ሽፋን በ0.1 በመቶ ትራይተን ቀዳዱ፣ የሌላውን አትቅደዱ። ያልተቀደደው የሴሉን ገጽ ኤችኤን ብቻ ያሳያል፤ የተቀደደው ደግሞ በመንገድ ላይ ያለውንም። ኒውክሊየሱን በዳፒ ቀቡ፤ የኤም አንቲቦዲ ካላችሁ ኤም ቀድሞ በኒውክሊየስ ውስጥ፣ ቆይቶ በሳይቶፕላዝምና ከሽፋኑ ሥር ሲታይ ትከተሉታላችሁ። ኤንፒ በሳይቶፕላዝም ነጠብጣብ ሆኖ ይጀምርና ይሰፋል። ኤንፒ በኒውክሊየስ ውስጥ ከታያችሁ ቫይረስ ያልነካውን መስታወት በተመሳሳይ የብርሃን ጊዜ እዩ፤ እዚያም ካለ አንቲቦዲው ያለ ቦታው እየተለጠፈ ነው።

ሲበላሽ የት ትፈልጋላችሁ

*ምንም ምልክት ከሌለ፦* የእናቶቹን ዶሮዎች ሴረም እንደገና ፈትኑ፤ ቀጥሎ ክምችቱን በእንቁላል አስገብታችሁ ሕያውነቱን እዩ። ሁለቱም ደህና ከሆኑ በሚዲየሙ ፒኤች ላይ ሂዱ።

*ሴሎቹ በ2 ሰዓት ውስጥ እርስ በርስ ከተዋሐዱ፦* ቫይረሱ በዝቷል። የገቢው ቫይረስ ብዛት ብቻውን ሴሎችን ሊያዋህድ ይችላል። የሴሉን ቁጥርና ስሌቱን ከልሱ።

*የተባዙ ጉድጓዶች ካልተስማሙ፦* በደረጃ 5 የነበረው ማዘንበል ወይም ማጠብ እኩል አልነበረም። አንድ ሰው ብቻ ይጠብ፣ ሌላ ሰው ሰዓት ይያዝ።

*በ24ኛው ሰዓት የመተላለፍ ኃይሉ በድንገት ከፍ ካለ፦* ትራይፕሲን ገብቷል፣ ምናልባትም ከሴል ዝግጅቱ የተረፈ ነው። ከ12ኛው ሰዓት በኋላ ያለውን መረጃ አንድ ዙር ብላችሁ አትጻፉ።

*ንጣፉ ከተነቀለ፦* የማጠቢያውን መፍትሔ በጉድጓዱ ግድግዳ በኩል እንጂ መሐሉ ላይ አታፍስሱ። ብርዱ ራሱ ሴሉን ስለሚያላቅቅ ከ60 ደቂቃ በላይ በ4 ዲግሪ አታቆዩ።

ስትጨርሱ

ቫይረስ የነካውን ፈሳሽ ሁሉ 0.5 በመቶ ክሎሪን እስኪሆን በረኪና ጨምራችሁ ቢያንስ 10 ደቂቃ አቆዩ፤ 5 በመቶ የሚል በረኪና ከሆነ አንድ እጅ በረኪና ለዘጠኝ እጅ ፈሳሽ ነው፣ ፕሮቲን የበዛበትን የእንቁላል ፈሳሽ ግን ለ30 ደቂቃ አቆዩት። በረኪና የነካውን ዕቃ ኦቶክሌቭ ውስጥ አታስገቡ፤ መርዛማ ጋዝ ይወጣል። የአርኤንኤ ማሟሚያ ፈሳሽ ያለበትንም ከበረኪና ጋር በጭራሽ አትቀላቅሉ፤ ለብቻው በኬሚካል ቆሻሻ ዕቃ ይሰብሰብ። የእንቁላል ቅርፊቱንና የፅንሱን ቅሪት በ121 ዲግሪ ለ30 ደቂቃ አጋግላችሁ በቤተ ሙከራው ማቃጠያ አቃጥሉ፤ ውሻና አሞራ በሚደርስበት ገንዳ አትጣሉ።